የምክር ቤት አባላት የሚመረጡበትን ሥርዓት የሚመረምር የነዋሪዎች አማካሪ ቡድን እንዴት ይሥራ? ለባሕር ዳርና ለጣና ዳርቻ ነዋሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በባሕር ዳር የቀበሌና የከተማ ምክር ቤት አባላት ስለሚመረጡበት ሥርዓት ነዋሪው ይምከር፣ መርምሮም ሐሳብ ያቅርብ ሲባል፣ የመጀመሪያው ስብሰባ ገና ሻይ ሳይቀርብ ወደ አንድ ጥያቄ ይሮጣል፤ የትኛው የምርጫ ሥርዓት ይሻላል ወደሚለው። አንዱ ብዙ ድምፅ ያገኘው ብቻ ወንበሩን የሚወስድበት የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት መቅረት አለበት ይላል፣ ሌላው ተመጣጣኝ ውክልና፣ ማለትም ወንበር እንደ ድምፅ መጠን የሚከፈልበት ሥርዓት፣ ሕዝብ ይከፋፍላል ብሎ ይቃወማል፣ ሁለቱም ሲከራከሩ ሰዓቱ ያልቃል፣ ቃለ ጉባኤውም «ሰፊ ውይይት ተደርጓል» ተብሎ ይዘጋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው። አስቀድሞ መሠራት ያለበት አንድ ሰው ከተራ ነዋሪነት ተነሥቶ በምክር ቤት ወንበር ላይ እስኪቀመጥ ድረስ በየትኞቹ በሮች እንደሚያልፍ፣ የእያንዳንዱም በር ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ አንድ በአንድ መጻፍ ነው። ይህን የጻፈ ቡድን፣ ነዋሪው «ምርጫው ልክ አይደለም» ሲል የሚያማርረው ስለ ድምፅ አሰጣጡ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ወይም ከዚያ በኋላ ስላለው በር መሆኑን ይደርስበታል።

የቡድኑ አባላት አመራረጥ

የአባላቱ አመራረጥ የቡድኑን ተሰሚነት ግማሽ በግማሽ ይወስናል። አባላቱን ቀበሌው ጠቁሞ ካመጣቸው በየመድረኩ የምናውቃቸው ሰዎች እንደገና ይሰበሰባሉ፤ በፈቃደኝነት ብቻ ከተጠሩም ጊዜ ያለውና የሚናገርበት ነገር አስቀድሞ ያዘጋጀው ይመጣል። ስለዚህ ዕጣን እመክራለሁ። ዕጣ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዕቁብተኛ በየሳምንቱ ያወጣዋል፣ የጋራ መኖሪያ ቤት የደረሰውም በዕጣ ነው፣ በትክክል ከወጣም ሰው ውጤቱን ይቀበለዋል። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር በፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 የምርጫ ሥርዓቱን እንዲመረምር ያቋቋመው የዜጎች ጉባኤም ተራ አባላቱን ያገኘው በዕጣ ነበር፤ ከ79 የምርጫ ክልሎች ከእያንዳንዳቸው አንድ ሴትና አንድ ወንድ፣ በዚያም ላይ ከነባር ሕዝቦች ሁለት ሰዎች ተጨምረው፣ ከሰብሳቢው በቀር 160 አባላት ተቀምጠው ለወራት መክረዋል።

ይህ ቀመር ለባሕር ዳር በቀላሉ ይስማማል። ከተማዋ በአፄ ቴዎድሮስ፣ በበላይ ዘለቀ፣ በዳግማዊ ምኒልክ፣ በፋሲሎ፣ በግሽ ዓባይና በጣና ክፍለ ከተሞች የተከፈለች ስትሆን፣ ዘጌ፣ መሸንቲ፣ ጢስ ዓባይና ዘንዘልማ ደግሞ ሳተላይት ከተሞቿ ናቸው። ከአሥሩ ቦታዎች ከእያንዳንዱ አንድ ሴትና አንድ ወንድ በዕጣ ቢወጣ 20 ሰው ይሆናል። በዚህ ላይ ከሐይቁ ዳር ነዋሪ ከሆነው ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሁለት ሰው፣ ከአካል ጉዳተኞችም አንድ ሰው ቢታከል 23 ይሞላል፤ ቁጥሩ ጎዶሎ መሆኑም ድምፅ እኩል ለእኩል እንዳይቆም ይረዳል።

ዕጣው ከምን ላይ ይውጣ የሚለው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቀበሌ የነዋሪዎች መዝገብ መታወቂያ ያወጣውን እንጂ የሚኖረውን ሁሉ አይዝም። የዕድር ስም ዝርዝርም ቢሆን አባወራውን ይመዘግባል፤ ሰርቪስ ቤት የተከራየችውን ልብስ ሰፊ፣ ከገጠር መጥቶ በቀን ሥራ የሚተዳደረውን ወጣት፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋን ልጅ አያውቃቸውም። የሚሻለው ዘዴ ዕጣውን በሁለት ደረጃ ማውጣት ነው። መጀመሪያ የቤት ቁጥር ይወጣል፤ ከዚያ ቡድኑን የሚያደራጁት ሁለት ሰዎች ግቢው ድረስ ሄደው በዚያ ግቢ የሚያድሩትን፣ ዕድሜያቸው 18 የሞላቸውን ሁሉ፣ አከራይ ተከራይ ሳይሉ ይመዘግባሉ፤ ሁለተኛው ዕጣ ከዚያ ዝርዝር ይወጣል። የወጣለት ሰው አልችልም ካለ ወደ ቀጣዩ ቤት ይኬዳል እንጂ በእሱ ፈንታ ወንድሙ ወይም ባሏ አይተካም።

ከዘጌና ከጢስ ዓባይ ለሚመጡ አባላት የመጓጓዣ ገንዘብ አስቀድሞ መመደብ አለበት፤ ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃልና የደርሶ መልሱን ከኪሱ ክፈል የተባለ ሰው ከሁለተኛው ስብሰባ በኋላ አይመጣም። ስብሰባው ቅዳሜ ከሆነ ገበያተኛው ይቀራል፣ ዓርብ ቀትር ላይ ከሆነ ሙስሊሙ ይቀራል፣ በሚካኤል ወይም በማርያም ቀን ከሆነም ክርስቲያኑ ይቀራል። በክልላችን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ምክንያትም ስብሰባ ከቀኑ 10 ሰዓት ማለፍ የለበትም። እነዚህ ጥቃቅን ይመስላሉ፤ ነገር ግን የትኛው ድምፅ በቡድኑ ውስጥ እንደሚሰማ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ አባል የፓርቲ አባል መሆን አለመሆኑን፣ በሚቀጥለው ምርጫ ለመወዳደር ያሰበ መሆን አለመሆኑንም ተናግሮ በቃለ ጉባኤ ይያዝለት። የፓርቲ አባል መሆን ወንጀል አይደለም፤ ነገር ግን ሊወዳደርበት ስላሰበው ወንበር ደንብ የሚመክር ሰው ሐሳቡን ሲሰጥ ሌሎቹ ይህን እያወቁ ሊሰሙት ይገባል።

በሮቹን መጻፍ

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። አንድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፍና መንገዱ ከመጀመሪያው ይጻፍ። ምክር ቤቱ ስንት ወንበር ይኑረው፣ ወንበሮቹስ በየትኛው ወሰን ይከፋፈሉ የሚለው የመጀመሪያው በር ነው። ቀጥሎ የመራጮች ምዝገባ ይመጣል፣ ከዚያ ዕጩነት፣ ከዚያ ቅስቀሳ፣ ከዚያ ድምፅ መስጠት፣ ከዚያ ድምፁ ተቆጥሮ ወደ ወንበር የሚለወጥበት ስሌት፣ በመጨረሻም ተመራጩ ለመረጠው ሕዝብ መልስ የሚሰጥበትና እምነት ሲታጣበት የሚነሣበት መንገድ። ከእያንዳንዱ በር ትይዩ ሦስት ነገር ይጻፍ፤ ሕጉ ምን ይላል፣ በተግባር ምን ይደረጋል፣ የመለወጥ ሥልጣኑ የማን ነው?

ሦስተኛው ዓምድ በጣም አድካሚው ነው፤ ነገር ግን ምክረ ሐሳብን ከምኞት የሚለየው እሱ ነው። በ1987 የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዚያ እርከን በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 38 የመምረጥንና የመመረጥን መብት፣ በአንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል። ምርጫውን የሚያስፈጽመው በአዋጅ ቁጥር 1133/2011 እንደገና የተቋቋመው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሲሆን፣ የምዝገባው፣ የዕጩነቱ፣ የድምፅ አሰጣጡና የቆጠራው ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 ተደንግጓል። እነዚህ የፌዴራል ሕጎች ናቸው፤ በባሕር ዳር አዳራሽ ውስጥ የተደረሰ ስምምነት አንዲት ቃል አይለውጥባቸውም። በአንጻሩ የቀበሌና የከተማ ምክር ቤቶች አቋምና ሥልጣን የሚመነጨው በአዋጅ ቁጥር 59/1994 ተሻሽሎ ከጸደቀው ከአማራ ክልል ሕገ መንግሥትና ክልሉ ከተሞችን ለማቋቋምና ለማደራጀት ካወጣቸው ሕጎች ነው፤ ሕጎቹን ሊያሻሽል የሚችለው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ የክልሉ ሕገ መንግሥት ግን የሚሻሻለው በራሱ ውስጥ በተደነገገው ሥርዓት ነው። የከተማው ምክር ቤት በበኩሉ በራሱ የውስጥ ደንብ ብዙ ነገር ማስተካከል ይችላል፤ ስብሰባዎቹ ለሕዝብ ክፍት ስለመሆናቸው፣ ተመራጮች በየስንት ጊዜው ከመራጩ ጋር እንደሚገናኙ፣ የተመራጩ ስም በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለመለጠፉ።

የክልሉን ሕጎች ለማግኘት ዝክረ ሕግ ጋዜጣን፣ የፌዴራሉን ለማግኘት ነጋሪት ጋዜጣን ማገላበጥ ነው። ከሰነዱ ላይ ያላያችሁትን ነገር «ሕጉ እንዲህ ይላል» ብላችሁ አትጻፉ፤ አዋጅ ይሻሻላልና ማሻሻያ መውጣት አለመውጣቱንም አረጋግጡ። ከመሥሪያ ቤት የምትፈልጉት መረጃ ካለ ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፤ መረጃ የማግኘት መብት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የተደነገገ ስለሆነ አዋጁን በደብዳቤው ላይ መጥቀስ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ዓምድ፣ ማለትም በተግባር የሚደረገው፣ ከሕጉ ምን ያህል እንደሚርቅ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የአካባቢ ምርጫ በሚያዝያ 2005 ከተካሄደ በኋላ በ2010 መደረግ የነበረበት ምርጫ እንዲራዘም ተደርጓል። በ2005 የአምስት ዓመት ሕፃን የነበረ ልጅ በ2018 ለመምረጥ የሚያበቃው ዕድሜ ላይ ደርሷል። እንግዲህ አንድ ወጣት ለቡድኑ ቀርቦ የቀበሌ ምክር ቤት አባል መርጬ አላውቅም ቢል ስለ ድምፅ ስሌት ማስረዳት መልስ አይሆነውም። የእሱ ጥያቄ የሚያርፈው በጊዜው በር ላይ ነው፤ በግድግዳው ወረቀት ላይ ጊዜን የሚመለከት መስመር ከሌለ አሁን ይጨመር።

ነዋሪውን ማዳመጥ

ሕዝብን ማዳመጥ ማለት አዳራሽ ሞልቶ ማይክራፎን ማዞር አይደለም። በአዳራሽ የሚናገረው የለመደው ነው። አባላቱ ሁለት ሁለት ሆነው ወደ ቡና መጠጫው፣ ወደ ባጃጅ ተራው፣ ወደ ዓሣ ማራገፊያው፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ቢሄዱ ይሻላል። ጥያቄዎቹ አጫጭር ይሁኑ፤ የቀበሌዎ ምክር ቤት አባል ማን እንደሆኑ ያውቃሉ? ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገሯቸው መቼና ስለምን ነበር? መወዳደር ቢፈልጉ ከማን ዘንድ እንደሚጀምሩ ያውቃሉ? ሐሳብ ሳይሆን የሆነውን ነገር ጠይቁ። «ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነው?» የተባለ ሰው ለጠያቂው የሚስማማውን ይመልሳል፤ «መቼ አነጋገሯቸው?» የተባለ ግን ያስታውሳል፣ ወይም ዝም ይላል። ዝምታውም ይመዝገብ። የመላሹ ስም ግን አይጻፍ፤ ሠፈሩ፣ ፆታውና ግምታዊ ዕድሜው በቂ ነው።

ድምፅ በምስጢር መሰጠት ስላለበት ምክንያት ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን የማስታውሰው አንዲት እጅ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ የትምህርት ቤቱን ቦርድ አባላት እንመርጥ ነበር። ጠቋሚ ተነሣ፣ ሦስት ሰው ተጠቆመ፣ ሰብሳቢውም እጅ አውጡ አሉ። ከፊቴ ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት እናት እጇን እስከ ጆሮዋ ድረስ አነሣች፤ ከዚያ ወደ ግራ ዞር አለችና ዕጩ ሆነው የቆሙትን የቤት አከራይዋን አየች። እጇን ወደ ሻሿ ወስዳ ፀጉሯን እንደምታስተካክል ሆነች። የእኚያ ሰው ስም ሲጠራ ግን ቀጥ አድርጋ አወጣች። ውጤቱ በቃለ ጉባኤ «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ተጻፈ፤ የጻፍኩትም እኔ ነበርኩ። ይህን የምነግራችሁ የመንግሥት ምክር ቤት ምርጫ በምስጢር ድምፅ ቢሆንም፣ ከሥሩ ያሉት ምርጫዎች፣ የቦርዱ፣ የኮሚቴው፣ የዕጩ ጥቆማውም ጭምር፣ አሁንም በእጅ ስለሚካሄዱ ነው። የነገው ተመራጭ የሚታወቀውም የሚለመደውም በእነዚህ ነው። ቡድኑ በቀላሉ ሊያስተካክለው የሚችለው ጉዳይ ቢኖር ይህ ነው፤ አዋጅ አይፈልግም፣ የተቀዳደደ ወረቀትና አንድ ካርቶን ይበቃዋል።

ወሰኑንና ወንበሩን ማስላት

ወንበሮች ለየቀበሌው እኩል ወይም በልማድ ሲደለደሉ፣ ሰው የበዛበት አካባቢ ነዋሪ ድምፁ ይቀልላል። ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ቀበሌ 24,000 ሰው ይዞ 3 ወንበር፣ ሌላው 6,000 ሰው ይዞ 2 ወንበር ቢኖረው፣ በመጀመሪያው አንድ ተመራጭ 8,000 ሰው፣ በሁለተኛው ግን 3,000 ሰው ይወክላል ማለት ነው። አማካዩ 30,000 ለ5 ሲካፈል 6,000 ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ቀበሌ ተመራጭ ከአማካዩ በሢሶ የበለጠ ሰው ይሸከማል፤ የሁለተኛው ደግሞ ግማሹን ብቻ። ቡድኑ ይህንኑ ሠንጠረዥ ለየቀበሌው ሠርቶ ከአማካዩ እጅግ የራቁትን ለይቶ ማቅረብ ይጠበቅበታል።

ችግሩ የሕዝብ ቁጥሩ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። የመጨረሻው ሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በባሕር ዳር ልዩ ዞን የተቆጠረው ሕዝብ 221,991 ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 180,174ቱ የከተማ ነዋሪ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ወደ መሸንቲም ወደ ዘንዘልማም ተዘርግታለች፣ ያን ጊዜ የጤፍና የዳጉሳ ማሳ የነበረው ዛሬ ባለ ፎቅ ሠፈር ሆኗል። በአሮጌው ቁጥር ወንበር መደልደል የዳር ሠፈሮችን ይጎዳል። ስለዚህ ቡድኑ ከአንድ ምንጭ ላይ አይደገፍ፤ የቆጠራውን ቁጥር፣ የቀበሌውን የነዋሪ መዝገብ፣ የውኃና የመብራት ቆጣሪ ብዛት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የያዙትን የቤተሰብ መዝገብ ጎን ለጎን ያስቀምጥ። አራቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ካመለከቱ በድፍረት ይጻፍ፤ ከተለያዩም ልዩነቱ ራሱ በሪፖርቱ ውስጥ ይግባ።

የወሰን ጉዳይ ከቁጥር የጠለቀ ነው፤ በቃል ሲነገርም አይገባም። ስለዚህ ቡድኑ በሲኒ ይሞክረው። አምስት የቡና ሲኒ፣ 25 ፍሬ ሽምብራና 15 ፍሬ ባቄላ አዘጋጁ። ሲኒዎቹ አምስት የምርጫ ክልሎች ናቸው፤ በእያንዳንዱ 8 መራጭ ይገባል፣ አንዳንድ ተመራጭም ያወጣል። በመጀመሪያው ሙከራ ባቄላውን በእኩል በትኑት፤ በየሲኒው 5 ሽምብራና 3 ባቄላ ይሆናል፤ ሽምብራ አምስቱንም ወንበር ያሸንፋል። በሁለተኛው ሙከራ ባቄላውን ሰብስቡት፤ በአንዱ ሲኒ 8፣ በሌላው 7 ባቄላ አድርጉና ቀሪውን ሁሉ በሽምብራ ሙሉት፤ ባቄላ ሁለት፣ ሽምብራ ሦስት ወንበር ያገኛል። በሦስተኛው ሙከራ በሦስት ሲኒዎች ውስጥ 5 ባቄላና 3 ሽምብራ፣ በቀሩት ሁለቱ ሽምብራ ብቻ አድርጉ። አሁን 15ቱ ባቄላ ከ25ቱ ሽምብራ በልጦ ሦስት ወንበር ይይዛል። ፍሬው ያው ነው፣ ድምፁ ያው ነው፤ የተለወጠው የሲኒው አሞላል ብቻ ነው። ይህን አንድ ጊዜ በጠረጴዛ ላይ ያየ ሰው፣ ማንበብ የማይችልም ቢሆን፣ የቀበሌ ወሰን ሲከለል ለምን መገኘት እንዳለበት ማንም እንዲያስረዳው አይጠብቅም።

ከዚያ ሲኒዎቹን አንሡና 40ውንም ፍሬ በአንድ ስፌድ ላይ አፍስሱ። ቀበሌው ባለ አምስት ወንበር አንድ ክልል ቢሆን፣ እያንዳንዱ መራጭም አምስት ሰው ቢመርጥ፣ ሽምብራ በሙሉ ለሽምብራ ድምፅ ከሰጠ አምስቱንም ይወስዳል። ወንበሩ እንደ ድምፁ መጠን ቢከፈል ግን 3 ለሽምብራ፣ 2 ለባቄላ ይደርሳል። ተመጣጣኝ ውክልና የሚባለው ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ በስሙ መከራከር ይቻላል።

በሐይቁ ዳር ይህ ጉዳይ ባዶ ስሌት አይደለም። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ቤተሰቦች ከተማዋ ከተማ ሳትሆን በፊት ጀምሮ በጣና ዳር የኖሩ ናቸው፤ ሠፈሮቻቸው ግን ትናንሽና በሐይቁ ዙሪያ የተበተኑ ናቸው። እንደ ተበተነው ባቄላ ማለት ነው። በአብላጫ ድምፅ ብቻ በየትኛውም ሲኒ ውስጥ ሊያሸንፉ አይችሉም። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለአናሳ ብሔረሰቦች ከ20 የማያንስ መቀመጫ እንዲኖር ሲደነግግ ይህንኑ ችግር ተገንዝቦ ነው። ተመሳሳይ አሳብ ወደ ከተማ ምክር ቤት ይውረድ ብሎ ማቅረብ ይቻላል፤ በእኔ እምነት መቅረብም አለበት። ይህን ሲያቀርብ ግን ቡድኑ ማኅበረሰቡን ራሱን ይጠይቅ፤ የተለየ ወንበር ይፈልጋሉ ወይስ ወሰኑ እንዲስተካከል? ስለ እነሱ ያለ እነሱ የተጻፈ ምክረ ሐሳብ ያው የቀድሞው በደል ነው።

ስለ ወንበር ብዛት ባጭሩ። ከ2000 የአካባቢ ምርጫ በፊት የቀበሌ ምክር ቤቶች አባላት ቁጥር ብዙ እጥፍ ጨምሮ በብዙ ቦታ እስከ 300 ደርሶ ነበር። ወንበር ሲበዛ ሕዝቡ በሰፊው ይወከላል የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። ነገር ግን 300 ወንበር ባለበት ቀበሌ 300 ዕጩ ማቅረብ የሚችለው ማን ነው? አነስተኛ ፓርቲም ሆነ የግል ተወዳዳሪ ገና ከበሩ ይመለሳል። ለዚያም ነው የወንበር ቁጥር በግድግዳው ወረቀት ላይ ከዕጩነት በር ጋር በመስመር መያያዝ ያለበት።

የሌላ አገር ልምድ ሲጠቀስ ከነሁኔታው ይጠቀስ። በደቡብ አፍሪካ የከተማ ምክር ቤቶች ከፈረንጆች 2000 ጀምሮ ግማሽ ያህሉ ወንበር ከየቀጠናው በሚመረጥ ሰው፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ በፓርቲ ዝርዝር ይሞላል፤ ነዋሪው የሚያውቀው የቀጠና ተወካይ ይኖረዋል፣ ዝርዝሩም ጠቅላላ ሚዛኑን ያስተካክላል። ሕንድ በፈረንጆች 1992 ባጸደቀችው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በአካባቢ ምክር ቤቶች ከወንበሩ ሲሶ ያላነሰው ለሴቶች እንዲሆን ደንግጋለች። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጉባኤ ያቀረበው አዲስ ሥርዓት በፈረንጆች 2005 ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ 57.7 በመቶ ድጋፍ ቢያገኝም፣ መንግሥት አስቀድሞ ያስቀመጠው መስፈርት 60 በመቶ ስለነበር ሳይጸድቅ ቀርቷል። ከዚህ የምንወስደው አንድ የሥራ ነጥብ አለ፤ ምክረ ሐሳቡ የሚጸድቀው በምን መስፈርት እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ጠይቁ። ከከተማው ምክር ቤት መልስ ባይመጣም የተጠየቀበት ደብዳቤ በፋይል ይቀመጥ።

ምክረ ሐሳቡን መጻፍና ማስረከብ

እያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ ከአንድ ገጽ አይለፍ። በገጹ ላይ ነዋሪው ያቀረበው ችግር፣ ችግሩ የሚገኝበት በር፣ አሁን ያለው ሕግ ወይም ልማድ፣ የሚቀርበው ለውጥ፣ ለውጡን ማድረግ የሚችለው አካል፣ ለውጡ ሊጎዳው የሚችለውም ወገን ይጻፍ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ነገር ግን ወሰን ሲለወጥ ወንበር የሚያጣ ቀበሌ አለ፣ ያ ቀበሌ ከቡድኑ አስቀድሞ ካልሰማው ከአሉባልታ ይሰማዋል። በመጨረሻ ስንት አባል እንደደገፈው፣ ስንቱ እንደተቃወመው፣ ስንቱ ድምፀ ተአቅቦ እንዳደረገ ይሰፍራል፤ የተቃወሙት ምክንያታቸውን በራሳቸው ቃል በዚያው ገጽ ሥር ይጽፋሉ። ድምፁም በወረቀት፣ በምስጢር ይሰጥ። «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን ቃል ለማግኘት ሲባል ልዩነት አይደበቅ።

ምክረ ሐሳቦቹ ሲደረደሩ እንደ ባለሥልጣኑ ይከፈሉ። የከተማው ምክር ቤት ራሱ ሊፈጽማቸው የሚችላቸው ይቅደሙ፣ የክልሉን ምክር ቤት የሚመለከቱት ይከተሉ፣ የፌዴራል ሕግ ማሻሻያ የሚፈልጉት መጨረሻ ይሁኑ። ለሦስቱም በአንድ ደብዳቤ መጻፍ ጉዳዩን ከቢሮ ወደ ቢሮ ያንከራትተዋል፤ አንዱ የእኔ ሥልጣን አይደለም ሲል ሌሎቹም በዚያው ይከተላሉ። ሦስት ደብዳቤ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ አንዱ ለክልሉ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ አንዱ ለምርጫ ቦርድ፣ በእያንዳንዱም ውስጥ ያንን አካል የሚመለከተው ገጽ ብቻ ይግባ።

ሪፖርቱ ከመግባቱ በፊት ግን መረጃ ወደ ተሰበሰበባቸው ቦታዎች ተመልሶ ይነበብ፤ በዘጌ በቡና ጥላ ሥር፣ በዓሣ ማራገፊያው፣ በባጃጅ ተራው። ንባቡ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፤ እርማት የሚሰጥ ሰው ካለ እርማቱ ይያዝ፤ የተሳሳተ የሠፈር ስም ወይም ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚታረመው እዚያ ነው። ከዚያ ሦስቱ ደብዳቤዎች በሁለት በሁለት ቅጂ ተዘጋጅተው በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ይገቡ። በሁለተኛው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥሩ፣ ቀኑና ማኅተሙ ሳይደረግ ከመስኮቱ አትነሡ። ከቡድኑ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ከከተማው፣ ሌላው ከሳተላይት ከተሞች፣ መልሱን እንዲከታተሉ በስም ይመደቡ፤ ሁለቱም በየወሩ በተወሰነ ቀን መዝገብ ቤቱ ሄደው ጉዳዩ የደረሰበትን ጠይቀው፣ የተሰጣቸውን መልስ ከነሰጪው የሥራ መደብ በአንድ ደብተር ላይ ያስፍሩ፤ ደብተሩም ማንኛውም ነዋሪ መጥቶ ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ።